ያልተበጠሰው ክር

በዚያ ጠዋት ጃቤዝ ፔቲካን ሜሮፔ በምትባለው የውድድር ጀልባ ፊት ለፊት ጫፍ ላይ ተቀምጦ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ሌባ ጣት እርስ በርስ አሻሸ። ምንም አልተሰማውም። የሌላ ሰው ጣቶች የያዘ ያህል ነበር። ዙሪያውን ቃኘ። ያየው ሰው አልነበረም። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። አሥራ ሰባት በጋ ያሳለፈው በትልልቅ የውድድር ጀልባዎች ምሰሶ ጫፍ ላይ ነው። ብርዱ ሲመጣ እንደ መንደሩ እንደ ቶልስበሪ ወንዶች ሁሉ ከባሕር ጭቃ ኦይስተር የሚባለውን የሚበላ ባለዛጎል የባሕር እንስሳ በብረት መረብ ይጎትታል። ግንቦት ሲገባ ካፒቴኖቹ ወደ መንደሩ እየመጡ ሰው ይመርጣሉ። የተመረጠ ሰው የጀልባዋ ስም ደረቱ ላይ የተጠለፈበት ሰማያዊ ሹራብ ይሰጠውና እስከ መስከረም የሀብታም ሰው ሸራ ሲጎትት ይከርማል። ጃቤዝ ግን ጎታች አይደለም። ውድድር ሲጀመር ዘጠና ክንድ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከምሰሶው ጫፍ ሥር ባለችው አግዳሚ እንጨት ላይ ብቻውን ተቀምጦ፣ ሸራ ሲወጣና ሲወርድ ገመዶቹ እንዳይጠላለፉ የሚጠብቀው እሱ ነው። "ላይኛው ሰው" ይሉታል። ለአንድ ጀልባ አንድ ላይኛው ሰው ብቻ ነው ያለው። በቶልስበሪ መንገድ ላይ ላይኛው ሰው ሲያልፍ ሽማግሌዎቹ ፒፓቸውን ከአፋቸው ያወጣሉ።

ባለፈው ዓመት የካቲት፣ ባሕሩ ዳር ዳሩን በረዶ በሠራበት ሳምንት፣ ጃቤዝ ሦስት ቀን ሙሉ እርጥብ ገመድ ሲጎትት ዋለ። በአራተኛው ቀን ሁለቱ ጣቶች እንደ ሻማ ነጡ። ቀለማቸው በኋላ ተመለሰ፤ እነሱ ግን አልተመለሱም። ለሚስቱ ለኬዚያ እንኳ አልነገራትም። ምሰሶ ሲወጣ ገመዱን በክርኑ ማቀፍ ለመደ፤ ገመድና ሸራ የሚያያይዘውን የብረት ቁልፍ በግራ እጁ መቆለፍ ለመደ። አንድ በጋ እንዲህ አለፈ፤ ማንም አልነቃበትም። ይህ ሁለተኛው ነው።

"አማቼ፣ እንቅልፍ ወሰደህ ወይስ ጸሎት ላይ ነህ?" አለ ሩበን ጉርተን፣ ረጅሙን ነጭ ሸራ እየጎተተ መጥቶ አጠገቡ ሲዘረጋ።

ሩበን የኬዚያ ታናሽ ወንድም ነው። ምሰሶ ላይ ለመውጣት ከጃቤዝ ቀጥሎ ተራ የሚጠብቀው እሱ ነው። ያላገባ፣ ሳቂታ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

"ጸሎት ላይ ነኝ" አለ ጃቤዝ። "አፍህን እንዲዘጋልኝ።"

"አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጸልየህ ካልተሰማልህ ተወው።"

ሸራው መርከበኞቹ "ሆዳሙ" የሚሉት ነበር። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ከጀልባዋ ፊት ተነፍቶ እንደ እርጉዝ ሆድ የሚወጣው እሱ ነው። እንዲሁ ተዘርግቶ አይወጣም፤ ነፋስ መሀል መንገድ ላይ ከያዘው ሰው ይገድላል። ስለዚህ እንደ ገመድ ይጠቀለልና አለፍ አለፍ እያለ በደካማ የጥጥ ክር ይታሰራል። ላይ ከደረሰ በኋላ ከታች ገመዱን ሲጎትቱት ክሮቹ ከእግሩ ጀምሮ ጠስ፣ ጠስ፣ ጠስ እያሉ ወደ ላይ ይበጠሳሉ፤ ሆዳሙም በአንድ ጊዜ ይፈነዳል።

የማሰሩ ሥራ የሁለት ሰው ነው። የሸራውን ራስ፣ ማለትም የላዩን ግማሽ፣ የሚያስረው ላይኛው ሰው ነው፤ እዚያ ክሩ አንድ ዙር ብቻ ስለሚሆን ቋጠሮው የሴት ጥልፍ ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል። እግሩን፣ ማለትም የታቹን ግማሽ፣ የሚያስረው ተከታዩ ነው። ይህን ከጀልባዋ ባለቤት እስከ ወጥ ቤቱ የማያውቅ የለም። ሌላም ልማድ ነበራቸው። አሳሪ እጁን አያይም። እያንዳንዱን ክር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ለክቶ፣ ሳብ አድርጎ ድካሙን በጣቱ ያውቃል፤ ዓይኑ ግን ሰማይ ላይ ወይም የተቀናቃኝ ጀልባ ላይ ነው። ክሩን አጎንብሶ የሚያይ ሰው ካዩ "ገበሬው መጣ!" ይሉታል፤ ስሙም ይለጠፍበታል።

"ዛሬ የሸራውን ራስ አንተ እሰር" አለ ጃቤዝ።

ሩበን ቀና አለ። "ምን አልክ?"

"ጆሮህን ጥረግ። ራሱን አንተ፣ እግሩን እኔ።"

"ታመሃል እንዴ?"

"ሠላሳ ዓመትህን ደፈንክ። መቼ ልትማር ነው? ስሞት?"

"አንተማ አትሞትም። እህቴ አትፈቅድልህም" አለ ሩበን። ሆኖም ፊቱ በርቶ ነበር። ሌላ ቃል ሳይጨምር ወደ ሸራው ራስ ሄደ።

ጃቤዝ ከክር ከረጢቱ አንድ ድውር አወጣ። ከረጢቱ የራሱ ነው፤ ትናንት የተቀደደ ሸራ ሲሰፋበት ውሏል። ዓይኑን ራቅ ብላ ወዲያና ወዲህ ወደምትመላለሰው ተቀናቃኝ ጀልባ፣ ወደ ካሊስታ ላከ። በዚህ በጋ ሁለቱ ጀልባዎች እኩል እኩል አሸንፈዋል፤ የዛሬው ይለያቸዋል። እያያት ያስር ጀመር። ሳብ፣ ዙር፣ ቋጠሮ። ሳብ፣ ዙር፣ ቋጠሮ። ጣቶቹ ምንም አልነገሩትም። እሱም ምንም አልጠየቃቸውም።

ከረጢቱ ውስጥ ሁለት ድውር ነበር። አንደኛው ያረጀ የጥጥ ክር፣ ሁለተኛው ሰም የጠጣ፣ በቀላሉ የማይበጠስ የሸራ መስፊያ ክር።

ውድድሩ ከተጀመረ ሰዓት ተኩል ሆኖት ነበር። ነፋሱ ከጠዋቱ በርትቷል። ሜሮፔ በምዕራብ ያለውን የመዞሪያ ምልክት ካሊስታን በሁለት ጀልባ ርዝመት ቀድማ ዞረች። ጃቤዝ ከላይ ሆኖ የጠባቡ የሶለንት ባሕር ውሃ ግራጫና ነጭ ሆኖ ከሥሩ ሲሸሽ ያያል። ምሰሶው ይወዛወዛል። ወለሉ ላይ ያሉት ሰዎች ሰማያዊ ነጥብ ሆነዋል።

"ሆዳሙን!" ሲል የካፒቴን ሌቬት ድምፅ ወጣ። ካፒቴኑ አጭርና ወፍራም ነው፤ መሪውን ይዞ ሲቆም ከወለሉ የበቀለ ይመስላል።

የተጠቀለለው ሸራ እንደ ነጭ እባብ ተስቦ ጃቤዝ አጠገብ ደረሰ። ጃቤዝ ገመዱ የሚዞርበትን መንኮራኩር አየና ግራ እጁን አነሳ፤ ጥሩ ነው ማለት ነው። ታች አሥራ ሁለት ሰው ገመዱን ይዞ ሳበ።

ጠስ የሚል ነገር አልተሰማም።

"ሳቡ!" አለ ምክትሉ ጆናስ ፍሮስት። እንደገና ሳቡ። ነጩ እባብ ተወጠረ፤ እንደ በገና ጅማት ጮኸ፤ አልተከፈተም። ከኋላ የካሊስታ ሆዳም ነፋስ ያዘና ፏ ብሎ ተነፋ። ክፍተቱ ሲጠብ ጃቤዝ ከላይ በግልጽ ያየዋል።

ያን ጊዜ ገባው። ከረጢቱን አሰበ፤ ትናንት የሰፋውን ሸራ አሰበ፤ ያሰረው በመስፊያው ክር ነበር።

"ይቆረጥ!" አለ ካፒቴኑ። "ላይኛው!"

ከምሰሶው ጫፍ እስከ ጀልባዋ ፊት የተወጠረ ወፍራም ሽቦ አለ። ላይኛው ሰው በዚያ ሽቦ ተንሸራቶ ወርዶ፣ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ በሌላው ክሮቹን መቁረጥ አለበት። ከፍታ ላይ ያለ ሥራ የእሱ ነው። ጃቤዝ እግሩን በሽቦው ላይ ጠመጠመ። ቢላውን በግራው ስለሚይዝ ሽቦውን በቀኝ እጁ ያዘ፤ ክብደቱንም ጣለበት። እጁ ቀስ ብሎ ተከፈተ። እሱ አልከፈተውም፤ ራሱ ተከፈተ። ሰውነቱ አንድ ክንድ ወደ ታች ሲንሸራተት በግራ ክርኑ አግዳሚውን አንቆ ተጎትቶ ተመለሰ።

"ጃቤዝ! ምን ትጠብቃለህ?" ሲል ፍሮስት ጮኸ። "ደብዳቤ?"

ሁሉም ወደ ላይ ያዩ ነበር። ጃቤዝ መንቀሳቀስ አልቻለም።

ሩበን ማንንም ሳይጠይቅ ቢላውን በጥርሱ ይዞ ከታች ሽቦውን መውጣት ጀመረ። አንድ ክር ቆረጠ። ሁለተኛ። ጃቤዝ "ተው!" ብሎ ጮኸ፤ ድምፁን ነፋሱ ወሰደው። በዚህ ነፋስ ከታች እየቆረጠ የሚወጣ ሰው ሸራው ሲፈነዳ ፊት ለፊቱ ነው የሚሆነው። ሦስተኛ። አራተኛ። አምስተኛው ላይ ሆዳሙ እንደ መድፍ ፈነዳ። የላይኞቹ ክሮች በአንድ ትንፋሽ ተበጠሱ፤ ሸራው ሩበንን በደረቱ መትቶ ከሽቦው ገፋው። እግሮቹ አየር ላይ ዋኙ፤ ከሥሩ ውሃ እንጂ ወለል አልነበረም። በሁለት መዳፉ ሽቦውን እንደያዘ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ተዘረረ።

ጃቤዝ ከላይ እየቆጠረ ጠበቀ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሩበን በጉልበቱ ተነሳ። እጆቹን አየ፤ ከዚያ በብብቱ ሥር ሸጎጣቸው። ቀጥሎ ያደረገውን ግን ከጃቤዝ በስተቀር ያየ ሰው አልነበረም። አጎንብሶ ከወለሉ የተቆረጡ ክሮች ለቀመ፤ አንዱን በጣቶቹ ጫፍ አሻሸው። ቆም አለ። ቀና ብሎ ወደ ምሰሶው ጫፍ ተመለከተ፤ ፊቱ ከዚያ ርቀት አዝራር ያህል ነበር። ከዚያ ክሮቹን ሁሉ ባሕር ውስጥ ወረወራቸው።

ካሊስታ በቀኝ በኩል አለፈቻቸው።

ገና ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ውድድር ቀርቶ ነበር፤ ጃቤዝም ሁለቱን ሰዓት እዚያው ተቀመጠ። ሥራውን ሠራ። በእያንዳንዱ መዞሪያ ሸራው ሲለወጥ ግራ እጁን አነሳ። በመካከሉ ግን ከራሱ ጋር ብቻውን ነበር። በሥራ ጉድለት ከበጋው መሀል የተባረረን ሰው ከቶልስበሪም ሆነ ከሌላ መንደር የሚቀጥር ካፒቴን የለም። ከሁለቱ የትኛው ይሆን ያ ሰው? ዝም ካለ እሱ አይደለም። ዝም ለማለት ደግሞ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም።

በሃምሳ ሴኮንድ ተሸነፉ።

መልህቅ ከተጣለ በኋላ ካፒቴን ሌቬት ሁሉንም ወለሉ ላይ ሰበሰበ። በእጁ የሆነ ነገር ይዞ ነበር።

"የሸራው ጥቅልል ውስጥ አንድ ክር ቀርቶ አገኘሁ" አለና አጭሯን ክር ከፍ አደረጋት። "ሰም! የመስፊያ ክር! ዓይነ ስውር እንኳ በእጁ ይለየዋል። እግሩን ያሰረ ማነው ብዬ አልጠይቅም፤ ሁላችንም እናውቃለን። ጉርተን!"

"አቤት ካፒቴን" አለ ሩበን። መዳፎቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

"የምትለው አለ?"

ሩበን ትከሻውን ነቀነቀ። "እርስዎ ካሉት በላይ ምን እላለሁ?"

"ራስህ አስረህ ራስህ ፈታህ። ለመፍታትህ አመሰግናለሁ። ለማሰርህ ነገ ሻንጣህን ይዘህ ትወርዳለህ።"

ጃቤዝ ከሩበን በስተግራ ቆሞ ነበር፤ ትከሻቸው ይነካካል። አፉን ከፈተ። ካፒቴኑ ዞሮ ሄደ።

መርከበኞቹ የሚተኙበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ፍሮስት የሩበንን መዳፍ ስብ ይቀባል።

"ይሄ እጅ ነው ወይስ የተጠበሰ ሥጋ?" አለ ፍሮስት። "ሰውዬ፣ ሰምና ጥጥ መለየት አቅቶህ! ወጥ ቤቱ እንኳ..."

"ወጥ ቤቱ ድንች ይላጥ" አለ ሩበን። "ቀባ፣ አትስበክ።"

ፍሮስት ሲወጣ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሩበን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አፍህን እንዳትከፍት። ሰማህ? እህቴ አራት ልጅ አላት። እኔ ያለኝ አንድ ውሻ ነው፤ እሱም ጎረቤት ቤት ነው የሚበላው።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"ምን ብዬ? አማቼ የሸራውን ራስ ለእኔ ሰጠኝ ብዬ? ማን ያምነኛል? በአሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ለማንም አልሰጠህም።" ጃቤዝን ትክ ብሎ አየው። "ለምን ሰጠኸኝ? ንገረኝ ብቻ።"

ጃቤዝ ቀኝ እጁን ዘረጋለት። ሩበን የስፌት መርፌ ከአልጋው ራስጌ ነቅሎ የጃቤዝን ሌባ ጣት ጫፍ ወጋ። ደም ጠብ አለ። ጃቤዝ ፊቱ አልተለወጠም።

"ወይ አምላኬ" አለ ሩበን። "እንዲህ ሆነህ ነው ከራሳችን በላይ የምትቀመጠው?"

ይህን ያለው ሳይቆጣ ነበር። ጃቤዝ ግን ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻለም። ተነስቶ ወደ ካፒቴኑ ክፍል ሄደና አንኳኳ።

ካፒቴን ሌቬት የንፋስ መዝገቡን ይሞላ ነበር። "ስለ አማችህ ልትለምነኝ ከሆነ ተመለስ።"

"እግሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ካፒቴን። የሸራውን ራስ ለእሱ ሰጥቼ።"

ካፒቴኑ ብዕሩን አስቀመጠ። "ለዘመድ መዋሸት ደግ ነው፤ እኔም አደርገው ነበር። ግን አንተ ሰምና ጥጥ አታምታታም። ሂድ።"

"አምታትቻለሁ።"

ካፒቴኑ መሳቢያውን ከፍቶ የጥጥ ክር አወጣ፤ ከጠረጴዛው ላይ ያችን የሰም ክር አነሳ። "ዓይንህን ጨፍን።"

ጃቤዝ ጨፈነ። ጣቶቹ መሀል አንድ ነገር ገባ፤ መግባቱን ያወቀው ክንዱ በመነካቱ ነው።

"የቱ ነው?"

መገመት ይችል ነበር። ከሁለት አንዱን። ምናልባትም ያገኘው ነበር፤ ያኔ ካፒቴኑ ስቆ ይመልሰዋል፤ ነገም ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መሀል በጭንቅላቱ አለፈ።

"አላውቅም" አለ። "በእጄ ክር መኖሩንም አላውቅም።"

ዓይኑን ሲገልጥ የካፒቴኑ ፊት ቀልቶ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካለፈው ዓመት የካቲት።"

"ሁለት በጋ!" ካፒቴኑ ጠረጴዛውን መታ። "ክሩን ተወው። ውድድሩንም ተወው። ሁለት በጋ ሙሉ ሃያ ስምንት ሰው ከሥርህ አሰልፌ! ከእጅህ አንዲት የብረት ቁልፍ ብትወድቅ የማን ጭንቅላት ላይ እንደምታርፍ አስበህ ታውቃለህ?"

"በየቀኑ።"

"በየቀኑ አስበህ በየቀኑ ወጣህ?"

"አዎ ካፒቴን።"

ካፒቴኑ መሳቢያውን ዘጋ። "ሹራቡን ለፍሮስት አስረክብ። በመጀመሪያዋ ጀልባ ትሄዳለህ።"

"ሩበንስ?"

"ይቆያል። እውነቱን ስለደበቀኝ እሱንም ማባረር ነበረብኝ፤ ግን እጁ ሲድን ሽቦ የሚወጣልኝ ሰው እፈልጋለሁ።" ብዕሩን አነሳ። "በሩን ዝጋው።"

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጃቤዝ በሸሚዝ ብቻ፣ የሸራ ሻንጣውን በግራ ትከሻው ይዞ ከባቡር ወርዶ ወደ መንደሩ ገባ። ሐምሌ በቶልስበሪ የሴቶች ወር ነው። ጤነኛ ወንድ በሐምሌ በመንገዱ አይታይም፤ ከታየ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። መጋረጃዎች ገለጥ አሉ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ማሴት ባልዲዋን አስቀምጣ ቆመች።

ኬዚያ ከቤቱ ጎን የታጠበ አንሶላ ልታሰጣ ነበር። ስታየው እጇ አየር ላይ ቀረ።

"ሩበን ሞተ" አለች።

"አልሞተም። መዳፉ ተላጠ እንጂ ደህና ነው።"

"ታዲያ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም ኬዚያ።"

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

ወይዘሮ ማሴት ወደ አጥሩ ቀረብ ብላ ነበር። ከኋላዋ ሌሎች ሁለት ሴቶች መጥተዋል። ጃቤዝ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ ሊነግራት ይችል ነበር፤ ነገ ደግሞ መንደሩ የራሱን ወሬ ይሠራል። ሻንጣውን አወረደ።

"የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ሞተዋል" አለ፣ አጥሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። "ካለፈው ዓመት የካቲት ጀምሮ። ደበቅኩ። ሆዳሙን በመስፊያ ክር አሰርኩት፤ ሩበን ሊፈታው ወጥቶ ሊሞት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሱ አይደለም። ካፒቴኑ አባረረኝ።"



"አሁን ማን ነው ላይ የሚወጣው?" አለች ወይዘሮ ማሴት።

"ሩበን ነው። መዳፉ እስኪድን ግን ከሮሄጅ ሰው ያመጣሉ።"

"ከሮሄጅ!" አለች ወይዘሮ ማሴት፤ ከሰማችው ሁሉ የቆረቆራት የተቀናቃኙ መንደር ስም ነበር። ባልዲዋን አንስታ ወሬውን ይዛ ሄደች።

ኬዚያ አልተነቃነቀችም። "ዓመት ከአምስት ወር" አለች። "ከእኔ ጋር እየበላህ። ከእኔ ጋር እየተኛህ።"

"አዎ።"

"ልጅህን አቅፈህ ደረጃ ስትወጣ።"

"በግራዬ ነበር የማቅፋት።"

"እኔ ምን ልበልህ? ምን ብዬ ልስደብህ?" ከራሷ ባልዲ ውስጥ ውሃ የሚያንጠባጥበውን አንሶላ አንዱን ጫፍ ወረወረችለት። "እንካ። ያዝና ጭመቅ። ዝም ብለህ አትቁምብኝ።"

ጃቤዝ ጫፉን ያዘ። እሷ በአንድ ወገን፣ እሱ በሌላው ወገን ያጠማዝዙት ጀመር። በሦስተኛው ዙር አንሶላው ከቀኝ እጁ ሾልኮ ሣሩ ላይ ወደቀ። ጃቤዝ መውደቁን ያወቀው በዓይኑ ነው። ኬዚያ ሄዳ አነሳችው፤ የያዘውን ሣር አራገፈችና መልሳ ሰጠችው።